ያለ ክሬዲት ያለፉ ክረምቶች

ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዐሥር ያህል ዓመታት፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር ከመንዝ መሐል ሜዳ ተነሥቶ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ ወደ ጣርማ በር የሚወጣው አውቶቡስ የሚሞላው በአስተማሪ ነበር። ጓዛቸው ድርቆሽ፣ በሶ፣ የገብስ ቆሎና ጋቢ፤ መድረሻቸው ደብረ ብርሃን መምህራን ትምህርት ኮሌጅ። በሰርተፍኬት የተቀጠሩ ሰዎች ከሥራቸው ሳይነሡ፣ ደመወዛቸው ሳይቋረጥ፣ ክረምት ክረምት እየተማሩ በአራት በአምስት ዙር ዲፕሎማቸውን ይዘው ይወጡ ነበር። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። በዚያው ዘመን፣ በዚያው የትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከሁላችንም ይልቅ ትንንሾቹን ልጆች ይዘው የሚውሉ ሴቶች ነበሩ። አውቶቡሱ ላይ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ዛሬ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል፤ ምክንያቱም መንገዱ ክፍት፣ ኮሌጁም ክፍት፣ አገሩም ሰላም የነበረው ያን ጊዜ ነው።

ነገሩ የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ ሆነው የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከዚያ በፊት መዋዕለ ሕፃናት የከተማ ሰው ነገር ነበር፤ በአገራችን የመጀመሪያው እንኳ የተከፈተው ድሬዳዋ ላይ፣ ምድር ባቡር ለመሥራት ለመጡ ፈረንሳዮች ልጆች ነው። ከማዕቀፉ በኋላ ግን በየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ አንደኛ ክፍል ሊገቡ አንድ ዓመት ለቀራቸው ልጆች አንድ ክፍል ይከፈት ተባለ፤ ኦ ክፍል። በ2003 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ጥቅል ተሳትፎ ከመቶ 5 አካባቢ ነበር። በ2009 ዓ.ም. 46 ገደማ ደረሰ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት ግቢ ማስገባት ትልቅ ሥራ ነው፤ ማንም ሊያናንቀው አይገባም። ግን ለዚህ ሁሉ ሕፃን መምህር ከየት መጣ?

ከመንደር መጣ። አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ ለመሰናዶ የሚበቃ ውጤት ያላገኘች ልጅ፣ ቤቷ ቁጭ ብላ ሱፍ ስትፈትል ወይ ለትዳር ስትታጭ፣ ርዕሰ መምህሩ ያስጠራታል። «ሕፃናቱን ያዢልን» ትባላለች። ክፍያዋን ወላጅ መምህር ሕብረቱ ከሚሰበስበው መዋጮ ያገኘች ጊዜ ታገኛለች፤ ገብሱ ያልያዘ ዓመት መዋጮውም የለም። ስሟ «አመቻች» ይባላል፤ መምህር አይባልም። ቋሚ መደብ ላይ አልተቀመጠችምና የክረምት ሥልጠና ምልመላ ሲመጣ ስሟ ከዝርዝሩ የለም። በመንዝ ጌራም፣ በመንዝ ማማም፣ በግሼ ራቤልም ያየሁት ይህንኑ ነው። መርሐቤቴ ዘመድ የነበራቸው የሥራ ባልደረቦቼም ከአለም ከተማ ማዶ፣ ከጀማ ገደል አፋፍ ካሉ ትምህርት ቤቶች ይዘው የሚመጡት ወሬ ከዚህ አይለይም ነበር። መርሐቤቴ ላይ እኮ ሰዎች ለሰዎች ድርጅት ትምህርት ቤትም ሆስፒታልም ሠርቶ ነበር፤ ግድግዳው ከኛ ይሻል ነበር። ግድግዳው ውስጥ የቆመችው ልጅ ግን ያችው ነበረች።

የአክስቴ ልጅ ከነዚህ ሴቶች አንዷ ናት። ክፍሏ አጠገባችን ስለነበር በዕረፍት ሰዓት ብዙ ጊዜ መስኮቱ ሥር ቆሜ አይቻታለሁ። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው ጠዋት በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚያድረው። ልጆቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይመጣሉ። ግማሾቹ በግ ከመስክ አድርሰው ነው የሚመጡት፤ በኛ አገር የስድስት ዓመት ልጅ እረኛ ነው። እሷ መጀመሪያ ታዘልላቸዋለች፣ ታስጨፍራቸዋለች፤ ደማቸው ሲሞቅ ወደ ትምህርት ትመልሳቸዋለች። ቁጥር የምታስተምረው በባቄላና በጠጠር ነበር። እረኞቹን «በጎችህ ጠዋት ስንት ነበሩ፣ አሁን ስንት ሆኑ፣ ስንት ጎደለ?» እያለች መቀነስን ታስተምራቸዋለች። ቃሉን ሳይሰሙት ይቀንሳሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ፊደሉ ላይ ያደረገችው ነው። ከቄስ ትምህርት ቤት የሚመጡት ልጆች ሀ ሁ ሂን በዜማው ያንበለብሉታል፤ ከመካከል አንዷን ፊደል ነጥለው ሲያሳዩአቸው ግን ይጠፋባቸዋል፤ እንደገና ከሀ ጀምረው እየቆጠሩ ይደርሱባታል። እሷ ይህን ማንም ሳይነግራት ተረዳችው። አያቷ ደብተራ ነበሩና አቡጊዳን ታውቃለች፤ አቡጊዳ ደግሞ የመደበኛውን ተርታ ሰብሮ ፊደሉን አሻግሮ የሚያስቆጥር ነው። በካርቶን ቁራጭ ላይ ፊደላቱን ጽፋ በአቡጊዳ ተራ ታሳያቸዋለች፣ ከዚያ ደባልቃ ታሳያቸዋለች፣ ከዚያ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ከክምሩ ውስጥ እንዲፈልግ ታደርጋለች። ፋሲካ ሳይደርስ ስማቸውን የሚያነቡ ልጆች ነበሯት። እኔ በሁለተኛው ክረምት ደብረ ብርሃን ላይ የንባብ ማስተማሪያ ኮርስ ስወስድ፣ ሞጁሉ ላይ የተጻፈው እሷ ከመስኮት ማዶ ስትሠራው ያየሁት ነበር። እኔ በኮርሱ ክሬዲት አገኘሁ። እሷ በሥራው ምንም አላገኘችም።

እዚህ ላይ ስለ ክሬዲት ትንሽ ማለት አለብኝ። የመምህራን ኮሌጅ ዲፕሎማ ተከፋፍሎ የሚቆጠር ነገር ነው። የሥነ ልቦና ኮርስ አለ፣ የትምህርት ዓይነት ኮርስ አለ፣ የማስተማር ዘዴ አለ፤ ከሁሉ ጋር ደግሞ የተግባር ልምምድ አለ። መደበኛ ተማሪ ለተግባር ልምምዱ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ትምህርት ቤት ይላካል፤ መጀመሪያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታዘባል፣ ከዚያ ያግዛል፣ በመጨረሻ ያስተምራል። መምህሩ መጥቶ ያየዋል፤ ውጤት ይሰጠዋል፤ ክሬዲቱ ይመዘገብለታል። የኦ ክፍል ሴቶች ግን ዓመት ከዓመት ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ከኮሌጁ አንድ መምህር መሐል ሜዳ ድረስ መጥቶ ሁለት ቀን ቢቀመጥ፣ ክፍላቸውን ቢያይ፣ ጥያቄ ቢጠይቃቸው፣ የተግባር ልምምዱን ክሬዲት ሙሉውን ሊሰጣቸው ይችል ነበር። ለቀሪው ክረምቱ ነበረ። ለነሱ ሲባል አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም ነበር። ለኛ የተዘረጋውን መንገድ ለነሱም መክፈት ብቻ ነበር የቀረው።

እየሠሩ መማርማ ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በቄስ ትምህርት ቤት የቆየው ልጅ አዲስ የመጣውን ፊደል ያስቆጥራል፤ ራሱ ደግሞ ወደ ዳዊት ይሻገራል። በዜማም በቅኔም ቤት እንደዚሁ ነው፤ ቀድሞ ያወቀው ለኋለኛው ያስነግራል፣ ከመምህሩ ደግሞ የቀረውን ይቀበላል። ማስተማሩ የትምህርቱ ክፍል ነው እንጂ ከትምህርቱ የሚያስቀረው ሥራ አይደለም። በዘመናዊውም በኩል ግንበኛውና አናጺው ትምህርት ቤት ሳይገባ የለመደውን ሙያ ሲኦሲ ተፈትኖ የብቃት ምስክር ወረቀት የሚያገኝበት ሥርዓት ከተዘረጋ ቆይቷል። ግድግዳ የሚያቆመው ሰው እጁ ታይቶ ሲመዘን፣ ልጅ የምታቆመው ሴት የምትመዘንበት ወንበር ጠፋ። ይህን ሳስብ በእውነት እናደዳለሁ።

በውጭ አገር ያለውን ስሰማ ደግሞ ይብስብኛል። አሜሪካን አገር ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ሰው የሚያገኘው ሲዲኤ የሚባል የሙያ ማረጋገጫ አለ፤ 120 ሰዓት ሥልጠናና ከሕፃናት ጋር የ480 ሰዓት ሥራ ይጠይቃል፤ ብዙ ኮሌጆች ወደ ክሬዲት ይቀይሩታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ሰሜን ካሮላይና ላይ የተጀመረ ቲች የሚሉት የነፃ ትምህርት ዕድልም አለ። የትምህርቱን ወጪ አብላጫ ይሸፍናል፣ አሠሪው ጥቂት ያግዛል፣ መምህርቷም ጥቂት ታዋጣለች፤ ለማጥኛ ከሥራ ሰዓት ይቀነስላታል፤ ክሬዲቷን ስትጨርስ ጭማሪ ታገኛለች፣ በምላሹ ያሠራትን ቤት ለጊዜው ትታ አትሄድም። የዋሽንግተን ከተማ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 የሕፃናት ማቆያ ዋና መምህራን የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ይኑራቸው ብሎ ሲደነግግ፣ እየሠሩ የሚማሩበትን መንገድ አብሮ አመቻቸ። በዚያች ከተማና በዙሪያዋ ሕፃን ይዘው የሚውሉ ስንት ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሉ! ከሰሜን ሸዋ የሄደች ልጅ ዋሽንግተን ላይ ሕፃን እየያዘች ማታ ማታ ክሬዲቷን ትሰበስባለች። መንዝ ላይ የቀረችው እህቷ በገዛ አገሯ ቋንቋ፣ የገዛ አገሯን ልጆች አስተምራ ምንም አልተመዘገበላትም።

ገንዘብ አልነበረም ይባል ይሆናል። እኔ አልቀበለውም። በወረዳው ትምህርት ቤቶቹ በጉድኝት የተያያዙ ናቸው፤ ጉድኝቱ ማዕከል አለው፤ ማዕከሉ ሱፐርቫይዘር አለው። መምህር ሁሉ በዓመት 60 ሰዓት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ እንዲያደርግ ይጠበቃል። የኦ ክፍል ሴቶችን ቅዳሜ ቅዳሜ ጉድኝት ማዕከሉ ላይ ሰብስቦ ኮሌጁ ያዘጋጀውን ሞጁል ማስጠናት ምን ያህል ያስወጣ ነበር? በዓመት 60 ሰዓት፣ በዘጠኝ ዓመት 540 ሰዓት ይሆናል፤ ሲዲኤ የሚጠይቀውን የሥልጠና ሰዓት ከአራት እጥፍ በላይ ያልፋል። ደብረ ብርሃን ላይ ኮሌጁ ብቻ አልነበረም፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲም ነበረ። የሚያስተምር ሰው አልጠፋም።

ክረምቱ ራሱ ለነሱ አስቸጋሪ እንደነበር አውቃለሁ። መንዝ የበልግ አገር ነው፤ የበልጉ ገብስ የሚታጨደውና የሚወቃው በሰኔና በሐምሌ ነው፣ ኮሌጁም የሚጠራው ያን ጊዜ ነው። ጡት የምታጠባ ሴት ልጇን ለማን ትታ ትሂድ? ጉድኝት ማዕከሉ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፤ ትምህርቱ ወደነሱ መሄድ ነበረበት። ይህን በጊዜው ለሚመለከተው ሰው አንስቼ ነበር። «መጀመሪያ የአንደኛ ደረጃውን መምህር እንጨርስ» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የመጣለት ዕቅድ ላይ ያለው ቁጥር የኛ ቁጥር ነበር፤ ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል የሚያስተምረው ስንቱ ዲፕሎማ ያዘ የሚለው። የኦ ክፍል ዓምድ ላይ የሚጻፈው የልጆቹ ብዛት ብቻ ነው። የያዘቻቸው ሴት የምትጻፍበት ዓምድ አልነበረም።

የጠፋው የሴቶቹ ዕድል ብቻ ቢሆን እንኳ ባልቀለለኝ ነበር፤ ግን ከሱም ያልፋል። ገና በ2002 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ሲሶው ያህል ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አቅቶት ተገኝቷል። ማስጠንቀቂያው በእጃችን ነበር ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ሳይደግም ከሄደ 12ኛ ክፍል የሚደርሰው በ2014 ነው። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ናቸው። ለዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነት አለበት፣ ኮሮና አለበት፣ የፈተናው አሰጣጥ መለወጥ አለበት። እኔ ግን የአንደኛ ክፍል መምህር ሆኜ ኖሬአለሁና አንድ ነገር አውቃለሁ፤ ከአክስቴ ልጅ ክፍል የሚመጣልኝ ልጅና በስም ብቻ ኦ ክፍል ውሎ የሚመጣልኝ ልጅ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ይለያሉ፤ ልዩነቱ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። የሷን ዓይነት ዕውቀት ኮሌጅ አስገብቶ አጥርቶ ለሌሎቹ ሴቶች ማካፈል ይቻል ነበር። ከሷ ጋር ቀረ።

ከዚያ በሮቹ ተራ በተራ ተዘጉ። አዲሱ የትምህርት ፍኖተ ካርታ መጣና የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ጀምሮ ቀረ፤ ከአሥረኛ ክፍል ተነሥቶ ወደ መምህራን ኮሌጅ የሚወስደው መግቢያም አብሮ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚጠየቀው 12ኛ ክፍል ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎ በመደበኛው ሥርዓት ውስጥ አስገባው። መልካም ነው፤ ሙያው ሙያ ተብሎ ታወቀ። ግን ሙያው ሲታወቅ ሙያውን በባዶ እጃቸው ያቆሙት ሴቶች የአሥረኛ ክፍል ወረቀት ይዘው ውጭ ቀሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

መንገዱም አልቆየም። በኅዳር 2014 ጦርነቱ መዘዞና ሞላሌ ደረሰ፤ በሐምሌ ስንመላለስበት የነበረው መስመር የጦር ግንባር ሆነ። ያ አልፎ ትምህርት ቤቱ መስኮቱን ሳይጠግን፣ ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መንዝም ከዚያ ወዲህ ተኩስ ሲሰማ የኖረ አገር ነው። በክልሉ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በሺዎች ይቆጠራሉ። ዛሬ አንድ ደግ ባለሥልጣን ተነሥቶ «የኦ ክፍል ሴቶችን ሁሉ በክረምት ላስተምር» ቢል በየት በኩል ይሰበስባቸዋል? ያኔ አንድ አውቶቡስ ይበቃ ነበር። ከአገሬ ሰዎች ጋር ስንገናኝ ስለጠፋው ከብት፣ ስለተቃጠለው ቤት፣ ስለሞተው ሰው እናወራለን፤ ተገቢ ነው። እኔ ግን በሰላሙ ጊዜ ስላባከንነውም ማውራት እፈልጋለሁ። እሱን ማንም አልወሰደብንም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ሁለቱን ልጆቿን ይዛ ነው የወጣችው። አንድ የግል መዋዕለ ሕፃናት ሄዳ መምህርነት ጠየቀች፤ የትምህርት ማስረጃሽን አምጪ አሏት፤ ከትምህርት ቤታችን የተሰጣትን «ለዚህን ያህል ዓመት በአመቻችነት አገልግላለች» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠቻቸው። አንብበው መለሱላት። በሞግዚትነት ቀጠሯት፤ ልጆቹን ሽንት ቤት ታደርሳለች፣ አፍንጫቸውን ትጠርጋለች፣ ምሳቸውን ታበላለች። ክፍሉን የምትመራው በቅርቡ የተመረቀች ወጣት ናት። ጥሩ ልጅ ናት ትለኛለች፤ ታከብራታለች፣ «እትዬ» ነው የምትላት።

ባለፈው ስልኩ ሲሠራ ደወልኩላት። ማታ ተምራ 12ኛን ብትፈተን እንዴት ይሆናል ብዬ ልጠይቃት ነበር። «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለችኝ። ሁለት ዓመት ትምህርቱ፣ ከዚያ ፈተናው፣ ካለፍሽ ደግሞ ኮሌጁ አልኳት። ዝም ብላ ቆጠረች። ከዚያ ወሬውን ቀይራ ስለ ክፍሏ ታወራኝ ጀመር። ልጆቹ ፊደሉን በዜማ ይዘውት መምህርቷ ተቸግራ ነበር፤ ከመካከል ስትጠይቃቸው ይጠፋባቸዋል። «አቡጊዳውን በካርቶን ጻፍኩላት» አለችኝ፣ «አሁን በሱ ነው የምታስተምራቸው።»